ተው

ሁለት ቀጠሮዬን በለቅሶ አሳብቤ፣
በሦስተኛው መጣሁ ነጠላ ደርቤ፤
አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣
ተራዬን ስጠብቅ፣ በሩን በሩን ሳይ።

ሚዛኑ አያስፈራም፣ መርፌውም አይደለም፤
አልጋው ነው፤ "ተኚ" ነው፤ ያኔ ዛሬ የለም።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቀሃ ማዶ ያለው ቤት፤
የአጎት ኮቴ፣ መዝጊያ፣ የኔ ዝም ማለት።

ሲስተር ይታይሽ ግን አልጋው ጋ አልሄደችም፤
በርጩማ ስባ ፊቴ ተቀመጠች፣ አልቸኮለችም።
"በሩን ልዝጋው ወይስ ይከፈት?" ስትለኝ
ማን ጠይቆኝ ያውቃል? መልሱ ጠፋብኝ።
"ገርበብ ይበል" አልኩኝ።
ገርበብ አደረገችው።

"ምንም አልነግርሽም።"
"አልጠየቅኩሽም" አለች፤
"የምጠይቅሽ ስለ እጄ ነው። ልንካሽ?"
እሺ አልኩ።
ትራስ ደገፍ ብዬ፣ ሜትሩ ሲዘረጋ፣
ቀዝቃዛው ጫፉ እምብርቴን ሲጠጋ፣
"ተው!" አልኳት።

"ተው" ነው ያልኩት ለሴት፣ "ተይ" ማለት ሲገባኝ፤
ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቃሉ አሁን ወጣኝ።
እጇ ቆመ።
እጅ ይቆማል ለካ!

አላረመችኝም። ሜትሩን ጠቅልላ፣
ካርዴ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ጥላ፣
"ይህችን ያየች ሁሉ፣ እኔ ባልኖር እንኳ፣
ትጠይቅሻለች ከመንካቷ በፊት" አለች፤
"ለዛሬ ይበቃል።"

በአራተኛው ቀን የእንጨት መስሚያውን
እኔው በገዛ እጄ ሆዴ ላይ አቆምኩት፤
እሷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው፣
ውጭ የባጃጁ ጡሩንባ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ይሮጣል" አለችኝ።
"ከማን?" ልላት ነበር።

"ይሩጥ" አልኩ።