ማሽን ቁጥር አሥራ ሰባት

ሦስት ነን የቀረነው ከዚያ ሁሉ ወዳጅ፤
ትሁን ከፈትል ክፍል፣ ባይህ ብረት በያጅ፣
እኔ መዝገብ ያዥ።

በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ሰኔ ሲያጉረመርም፣
ባይህ ቤት እንገናኛለን፣ ማንም ባይጠራንም።
የሚያስታውስ የለም የመወርወሪያን ባንድ፤
ሐውልት አልቆመለት፣ አልተሰየመለት መንገድ፤
በዘምባባው ጥላ፣ በባሕር ዳር ጎዳና
ስንት ስም ሲለጠፍ፣ የእነሱ የለምና
ልጻፈው እኔ፦

አንሙት፣ ጊታር፤ ጣቱ በዘይት የጠቆረ፣
ክር ሲያጣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የወጠረ።
ይርሳው፣ ቤዝ፤ ዝምተኛ፣ ከጀርባ የሚቆም፤
ሲስቅ አላየንም፣ ሲስትም አልሰማንም።
ልሳነወርቅ፣ ኦርጋን፤ ከደብር የኮበለለ፣
ዜማውን ግን በጓዙ ደብቆ ያስከተለ።
ምንይችል፣ ከበሮ።
ስለ ምንይችል ቆይ።

ሽመና ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ በታች፣
አሥራ ሰባት ቁጥር አንዲት ማሽን ነበረች፤
አንድ ጥርሷ ወልቆ፣ ስትሠራ የምታነክስ፤
ቸክ ቸካ ቸክ... ዝም፤ ልብህ እስኪመለስ፤
ከዚያ ቸካ!
ትጠገን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤
መለዋወጫ የለም አሉ፤ መልሱን ዛሬም ይዣለሁ።
ምንይችል ግን ስምንት ሰዓት ከእሷ ጋር እየዋለ
እርምጃዋን ለመደ፤
ማታ ወደ ከበሮው ያንን ዝም ይዞት ሄደ።

ሠራተኛ ክበቡ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣
ሰው በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ቸካውን ይጠብቅ ነበር።
አንሙት ጊታሩን ሲያስጮኸው፣ ከዓባይ መውጫ ማዶ
ጉማሬ መለሰ ይላል ባይህ፤ ባይህ ነው፤ ያጋንናል ወዶ።
ለእነሱ ብዬ ፈረቃ ቀርቼ ደሞዜ ተቆርጧል፤
ዛሬም ቢሆን ይቆረጥ፤ ያዋጣል።

አንድ ምሽት ከአዲስ አበባ የሆቴል ባንድ ልጆች
ጠረጴዛ ሲመቱ አየሁ፣ ቀስ ብለው፣ በጣቶች።
ከወር በኋላ በራዲዮ ሰማነው፤
ምቱ ያው፣ ማንከሱም ያው፣ ስሙ ብቻ ነው ሌላው።
ባይህ ራዲዮኑን ሊሰብር፣ ትሁን ናት የያዘችው።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ።
አምፕሊፋየሩን ቀበሌ ወሰደው፣ ለስብሰባ ጥሪ፤
አንሙት የበየደው ድምፅ ሆነ የሰው አስፈራሪ።
ይርሳው ወደ መተከል፣ ልሳነወርቅ ወደ ደብሩ፤
ምንይችልን ጠየቅን፤ አልታወቀም መቃብሩ።

የቀረን አንድ ክር ነው፣ ከባይህ ሳጥን የተረፈ፤
ሦስተኛው ዘፈን መሐል ተበጥሶ በፕላስተር የተለጠፈ።
እዚያ ሲደርስ ቴፑ ይዘላል፣ አሥር ሰከንድ ይጎድላል፤
ሦስታችን በአፍ እንሞላዋለን፤ አይገጥምም፤ ጠብ ይሆናል።
«ታራራም ነው!»
«ታራም!»
አርባ አምስት ዓመት ተሟገትን፤ ማንም አልረታም።

ዘንድሮ የትሁን የልጅ ልጅ ተዳረች።
አዳራሹ ሞላ። ኪቦርድ የያዘ ልጅ፣ ፀጉሩን የተላጨ ከጎን፣
አንድ ቁልፍ ተጫነ፤
ቸክ ቸካ ቸክ... ዝም።
ሦስታችን ተያየን።

ተነሥቼ ሄድኩ፤ «ልጄ፣ ይህን ምት ከየት አመጣኸው?»
«የቱን? ይሄን? አባባ፣ የሰርግ ምት እኮ ነው፤
ከዱሮም ያለ፣ የማንም ያልሆነ።»
ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ በጩኸቱ ታፈነ።

ዞር ስል፣
የማላውቀው ሁሉ፣ ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ሾፌሩ፣
በዚያች በወለቀች ጥርስ ፊት ትከሻቸውን ሰቅለው ነበሩ።
ትሁን፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ከመሐል፣
አልቸኮለችም፤ ታውቃለች፤ ይመለሳል።

ቸካ።