የማራኪ ባሕር

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ክንድ ባሕር አለኝ፣ ምጽዋን ሳላይ።

ለስላሳው ኮራሌ ጣቶቹን አጣጥፎ
ተኝቷል ስድስት ቀን፣ ድንጋዩን አቅፎ።
መብራት ጠፍቶ ነበር ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፤
በኩባያ እየቀዳሁ ስደፋበት፣ ስደፋበት
ነጋ።

ከዚያ ወዲህ ምኑን ያላደረግኩት!
ጨዉን ለካሁ፣ ጨመርኩ፤ አምፖሉን አቀረብኩ፤
አዮዲን ጠብ አድርጌ ገላውን አጠብኩ፤
ጠዋት ወደ ግራ፣ ማታ ወደ ቀኝ አዞርኩ።

አንጓች፣ ጎረቤቴ፣ የጨቅላዎች ክፍል ነርስ፣
ከአዳር ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።
«በቀን ስንቴ ታነሳዋለህ?»
«አራቴ።»
«እኛ ጋ ያለ ጊዜው የመጣን ልጅ የሚያደክመው
ብርድ ብቻ አይደለም፤ እጅም ይበዛበታል።»

ከታችኛው ድንጋይ፣ ከጥላው አኖርኩት፤
የፓምፑን ግፊት ቀነስኩለት፤
እጄን ኪሴ ከተትኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እንደ ወተት ስልባቦት፣
ስስ ቆዳ ተገፈፈለት።
እጄ ደንግጦ ወጣ። መልሼ ከተትኩት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ጣት፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣
ብቅ አለ። ጠበቀ። ተመለሰ።
ደግሞ ብቅ አለ።

ግድግዳውን መትቼ አንጓችን ልጠራት ነበር፤
ተውኩት።
ገና አሁን መተኛቷ ነው።