ግራ ትከሻ

ስሙን ቀየርኩለት፤ ሽፋውን «ዘለቀ» ብዬ፣
ከሰኞ ገበያ አንስቼ ጅማ ላይ ጥዬ፣
አንካሳ እግሩን አቃንቼ፣ በሁለቱ አቁሜ፣
ከዕድሜው ላይ ዐሥር ዓመት ቀርጥሜ፣
ማን ያውቀዋል አልኩኝ።

ደሴ ናት እንግዲህ። ጉም ጦሳን ቢውጠው፣ መንገዱ ቢጨልም፣
ሰውን በሳሉ የማይለይ የለም።

መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣
«እኔ ነኝ» እያሉ መጡብኝ ያላሰብኳቸው ፍጥረት።
አንዱ የቧንቧ ውሃ እህል ነጋዴ፣ ከነጭራሹ የማላውቀው፣
«ገጽ መቶ አራት ያለችው ሚስቴ ናት» ብሎ አፈጠጠ፤ ምን ልበለው?
ያክስቴ ልጅ ጦይባ፣ «ወንድ አርገህ ጻፍከኝ» አለች፤
እውነቷን ነው፣ ሳቁ የሷ ነው። በምን አወቀች?

ሽፋው ብቻ ዝም።
ሳልፍ በሱቁ ደጅ፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ
አንገቱን ይነቀንቅልኛል፤ ሰላምታው አልሞቀ፣ አልቀዘቀዘ።

ኮቴን ይዤ ገባሁ አንድ ቀን፣ ገበሩ ተተርትሮ፤
እሱ በመነጽሩ በላይ ሲያየኝ፣ የኔ ምላስ ታስሮ።

«ሰዓዳ አነበበችልኝ» አለ፣ «ሁለት ማታ ፈጀብን።
እግሬን ስላዳንክልኝ አላህ ይስጥህ፤ እሱስ ደስ አለን።
መሳቢያዬን ግን ማን ክፈት አለህ?
እጅጌ ያልዞረለትን የልጅ ኮት አንድ ቀን ድንገት ብታይብኝ፣
አይተህ ዝም ቢሆንስ ምን አለበት፣ እባክህ?
እህቱ ናት። ለማን እንደተቆረጠ አታውቅም ነበር፤
ካንተ ሰማች፤ እኔ ፊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ዳር።»

የልክ ደብተሩን ሳበ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠ።
«ይኸው አንተ፦ ደረት ዘጠና ሁለት፣
ግራ ትከሻ፣ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ያለበት።
ዐሥራ አራት ዓመት ጥጥ እየሞላሁ ሳቃናህ፣
ለሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ለራስህም አልነገርኩህ።»

ገበሩን ሰፋው። ሠላሳ ብር ቆርጦ፣ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ።
እቤት ገብቼ አወለቅኩት፣ መስታወት ፊት ቆምኩኝ፤
ሁለት ጣት አይደለም፤ ሦስት መሰለኝ።

ሁለተኛው እትም ደረሰ፤ ማተሚያ ቤቱ ቸኮለ፤
ያችን ገጽ ልሰርዝ ብዬ ብዕሬ ጫፏ ላይ ዋለ።
መጽሐፉን ሁሉ ባገላብጥ፣ ከዳር እዳር ብፈትሸው፣
ያለሷ የሚተነፍስ ገጽ ፈልጌ አጣሁ። ምን ላርገው?
ኮቱን ደግሜ ለበስኩት።
ብርድ ነው።