ትራፊ

በጉንሳን ወደብ ዳር፣ ከሕንጻችን በር ላይ፣
ብስክሌት ከሚታሰርበት ጥግ፣ ከዝናብ ከፀሐይ
ተጠልሎ የቆመ ሣጥን አለ፣ ትራፊ የሚመዝን፤
ካርድ ሲያስነኩት አፉን ይከፍታል፣ የማይቆጣ፣ የማያዝን።
«ሰባት መቶ ሃያ ግራም» ይላል፣ የሴት ነው ድምፁ፤
ወር ሲሞላ ሂሳብ ይልካል፣ ሳይቀላ ገጹ።

እኔ፣ ኦም ቹንሲክ፣ አርባ ዓመት በዓሣው ገበያ
መዛኝ ነበርኩ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ በጎማ ጫማ፣
በበረዶው መሃል ወዲህና ወዲያ።
የሰርዲኑን ሣጥን በዓይኔ እነግርህ ነበር፣ ሳይነካው እጄ፤
ሚስቴ ከድስቷ ምን እንደምትጥል ግን
አላየሁም፣ ወዳጄ።

ማልሱን ሳለች ሂሳቡ ለወጉ ነበር የሚመጣ፣
ከአንድ ሲኒ ሻይ በላይ ከኪሴ የማያስወጣ።
ከሸኘናት በኋላ ግን፣ የመጀመሪያው ወር ሲደርስ፣
ወረቀቱን አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ ስመለስ
እጥፍ!
ከሁለት ሰው አንዱ ጎድሎ፣
ትራፊ እንዴት ይበዛል? ማን ፈታው ይህን ስሌት፣
ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አካፍሎ?

ያን ሌሊት ወጥ ቤቷን በረበርኩት እንደ ሌባ፣
ኮቴዬን አጥፍቼ፣ በካልሲዬ ስገባ።
በረንዳው ላይ የፍጅል ቅጠል፣ በገመድ ተሰቅሎ ደርቋል፤
ስንት ጊዜ ትከሻዬን ታክኮኛል፣ አሮጌ ጨርቅ መስሎ።
ከመታጠቢያው ስር ባልዲ፣ የሩዝ እጣቢ የሚጠራቀምበት፤
ሳህኑ በዚያ ይታጠባል፣ አበባው ይጠጣል የተረፈለት።
በክር የታሰረ የመንደሪን ልጣጭ፤ ድስት የሚፈትግ የደረቀ ቅል፤
ፌስታሎቹ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ታጥፈው፣
እያንዳንዱ አውራ ጣት የሚያክል።
ፍሪጁ ላይ በእርሳስ የተጻፈ፣ በሷ ዘማማ ፊደል፦
«አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሽንኩርት ልጣጭ
ወደ ሣጥኑ አይጣል፤
ያ ሣጥን ከብት ይቀልባል።
ከብቱ ምን በደለ?»
ለካ ከኔ የበለጠ መዛኝ
እቤቴ ውስጥ ነበር የዋለ።

ተማርኩ እንግዲህ፣ በስተርጅና።
ሰባተኛ ፎቅ ያለችው ሶልሂ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣
«አባባ፣ ውሃውን ይጭመቁት እንጂ!
የሚከፍሉት ለውሃው ነው» አለችኝና
ሳቀች። ጨመቅሁት።
የጎመን እግር ከተፍኩ፤ የፍጅሉን ልጣጭ ጠበስኩ፤
አንዱን ድስት አሳረርኩ፤ ሳምንት ሙሉ አንድ ሾርባ ጨረስኩ።

ባለፈው ኅዳር፣ የማቀዝቀዣውን በረዶ ስፍቅ፣
ከታች፣ ከግድግዳው የተጣበቀ ዕቃ አለ ብቅ።
ሾርባ ነው፤ ቀን ተጽፎበታል፤ ፊደሉ ያው ዘማማ፤
ሁለት ዓመት ብርድ ልሶት፣ ዳር ዳሩ የነጣ እንደ ሻማ።
ወደ ሣጥኑ ወረድኩ። ካርዴን አስነካሁ። አፉን ከፈተ።
«ትራፊዎን ያስገቡ» አለ።
እጄ ሸፈተ።
ትራፊው የቱ ነው? እሱ ተረፈ ከድስቷ፣
እኔም ተረፍኩ፣ ከነሙሉ ጤናዬ፣ ከጎኗ፣ ከቤቷ።
ቆሜ ቀረሁ። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ክዳኑን መልሶ ከደነ፤
«ዜሮ ግራም» አለ።
አልተሳሳተም፤ የሚመዝነው የሰጡትን ብቻ ስለሆነ።

ላይ ወጥቼ አሞቅሁት። ጨው ከብዶታል፤ የበረዶ ጣዕም አለው።
ጠርጌ በላሁ። ሳህኑን በሩዝ እጣቢ አጠብኩ፤
እጣቢውን አበባዋ ጠጣው።

ዛሬ ማታ ሁለት መቶ አሥር ግራም ጣልኩ።
የሷን ዘመን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ፣
ለቀን አካፍዬ አመሳከርኩ፦
ለሁለታችን፣ መቶ ሰማንያ።
ሠላሳ ግራም ይቀረኛል።