ሳትነሺ ትደርሻለሽ

ከኦክላንድ ሳንቲያጎ፣ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎሜትር፤
አስራ አንድ ሰዓት በአየር፣ ከስር ውሃ እንጂ የለም አገር።

አርብ ማታ፣ ለአስራ ሁለት ሰዓቱ በረራ፣
የኦርቴንሲያን ሻንጣ መዝኜ፣ ሰባት ኪሎ ብቻ፣
እንደ ልማዴ ቀለድኩ፦ «የዚያ ሰዓት ኋላ ቀር ነው፤
ዛሬውኑ፣ አርብ፣ ከቀኑ ሰባት ላይ ታርፊያለሽ፤
እህቴ፣ ሳትነሺ ትደርሻለሽ።»
አልሳቀችም።

በወሩ መጥታ ቆመች፣ ከመስኮቴ ፊት።
«ወንድሜ ላውታሮ ቀድሞኝ አረፈ፤ አርብ፣ ከጠዋቱ አራት።
ቁጠር እንግዲህ፣ አንተ ቁጥር አዋቂ፤
ከመነሳቴ ስምንት ሰዓት በፊት ሞቷል፣ ይላል ወረቀቱ፤
ስነሳ ግን በስልክ ‹የት ደረስሽ?› ይለኝ ነበር፣ በገዛ አንደበቱ።»

ቆጠርኩ። በጣቴ፣ ከዚያም በቲኬት ጀርባ።
ሂሳቡ ልክ ነው።
ሰልፉ ከኋላዋ በሩ ድረስ ረዝሟል፤
«ቀጣይ» ማለት አቃተኝ።