ገመዱን መልስልኝ

ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ደሴን ሲያሰጥማት፣
ሚናራው ብቻ ቀርቶ፣ ብቅ ሲል ከውሃ አናት፣
እነሳለሁ ሳልጠራ፣ የዘብ ተራዬ መስሎኝ፣
የቆርቆሮ አጥሬን እዳብሳለሁ፣ መርከቧ እንዳትጥለኝ።

ተሳቢው ላይ ሸራ ስናስር፣ የሙሄ ልጅ ጠየቀኝ፦
«የባሕር ኃይል ነበርክ አሉ። ስንት ገደልክ፣ ጋሼ?»

ምን ልበለው?
አራት ዓመት ሙሉ ጠላቴ ዝገት ነበር፤
ፋቅሁት፣ ቀባሁት፣ በሳምንቱ ዞሮ መጣ።
መድፉን ወለወልኩት፣ መልኬን እስኪያሳየኝ፤
እሱም የጮኸው አንድ ቀን፣ ለእንግዳ ንጉሥ ክብር፣
ሃያ አንዴ፣ በባዶ።
የሸሹት ወፎች ብቻ ናቸው።

ዳህላክ አጠገብ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት በተኛበት ሌሊት፣
ጎይቶም ገመድ እየቋጠረ
«ይማም፣ እናንተ አገር ባሕር አለ?» አለኝ።
«አለ» አልኩት። «ጧት ጧት ከተራራ ይወርዳል፣
አራት ሰዓት ላይ ይደርቃል።»
ሳቀ። «እንግዲያስ መልሕቄን ይዤ እመጣለሁ።»

እኔ በሰላም ወረድኩ። ጦርነቱ በኋላ መጣ።
ጎይቶም በየት በኩል ቆሞ እንደነበር
ለመጠየቅ ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ።

«ይሄ ቋጠሮ ጠበቀ፣ በኋላ አይፈታም» አለ ልጁ።
ይፈታል። ቀጭኗን ጫፍ ሳብ። በአንድ ጣት።
አየህ?
መልሼ ቋጠርኩት።

ሞተሩ ተነሣ፤ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ወደቡ።
«ከጅቡቲ ምን ላምጣልህ፣ ጋሼ?»
ምንም።
ገመዱን ብቻ መልስልኝ።