ሰኞ ይመጣሉ

ሰኞ ይመጣሉ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣
በየማንጠልጠያው በጋለ ምስማር ተተኮሰ ስማቸው፤
አርቱ፣ ሲርኩ፣ ሄልካ… በርች ሲቃጠል ሽታው ደስ ይላል፣
ግን የአንዷ ስም ረዝሞ ከእንጨቱ ተርፏል፣
የመጨረሻው ፊደል በጎን በኩል ዞሯል።

ቱኦቪ ከጎተራው ውስጥ ትጣራለች፦
«ቬይኮ! መጥረቢያው ስንት ደረሰ?» ትላለች።
«ዘጠኝ ነው፤ ሁለቱ ዛቢያቸው ተሰብሯል።»
«እንጨት አለ፣ ቢላ አለ፤ ታዲያ ምን ጎድሏል?»

ካይኑ ላይ ነሐሴ እንዲህ ነው ሲያረጅ፤
ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ይቆማል ከደጅ፣
በጋውን ጥሎን የጠፋው ጨለማ
አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ባለዕዳ፣
በየማታው ጥቂት ጥቂት ይከፍለን ጀምሯል፤
እኛም ሳይጨልም እያልን ሥራውን ገፍተናል።

የጎጆው ጣራ በቅርፊት ተደፍኗል፣
ጀልባዋ ተገልብጣ ሆዷ ሬንጅ ተቀብቷል፣
አሥራ አንድ ፍራሽ በገለባ ተሞልቷል።
የሳውናው ጭስ መውጫ ብቻ ዘገየ፤
ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነበርና
«ልጆች አሏት፣ ተዋት» አለች ቱኦቪ፤ ሐምሌን ሙሉ
በሐይቅ ውኃ ታጠብን፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ።

ፍልጡን ግን እዩልኝ! ከሰኔ ጀምሬ
ግንዱን እየፈለጥሁ፣ ደርድሬ ደርድሬ፣
ከግድግዳው ሥር እስከ ጣራው ክፈፍ፣
በፍልጥና በፍልጥ መካከል መርፌ የማያሳልፍ!
መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደደረ፤
ምክንያትም ነበረኝ፤ ብርዴ ገና ከአጥንቴ አልወጣም ነበረ።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ሰኞ መጣሁ፤
ከአውቶቡስ ስወርድ ጭቃ ላይ ተዘረጋሁ፣
ስልኬን ወደ ሰማይ ይዤ መስመር ፈለግሁ፤
«ዝናብ ነው የምትለምን?» አለችኝ፤ አፈርሁ።
ያን ሌሊት ምድጃው ሦስቴ ጠፋብኝ፣
ፍልጡ እርጥብ ነበር፣ ማንም አልነገረኝ።
ሲነጋ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ በሩን ስከፍት
ቱኦቪ ቆማለች፣ መጥረቢያ ይዛ፣ ከፊት ለፊት።
«እንግዲህ» አለችኝ፣ «አሁን ጆሮ አወጣህ።»

ቅዳሜ አመሻሽ ክምሩን ልታይ መጣች፤
አንዴ ዞረችው፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገች፣
ምስጋና ጠብቄ ደረቴን ነፋሁ።
«ይህ ሁሉ የማን ነው?» «የልጆቹ» አልሁ።
«ሌባ!» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ብርዳቸውን ሰረቅህ ገና ሳይነጋ።»

ተናደድሁ። አልዋሽም። ጓንቴን ወርውሬ
ወደ ሐይቁ ሄድሁ፣ ብቻዬን አጉረምርሜ።
ስመለስ ፍልጡን ጋሪ ላይ ትጭናለች፣ በሰባ ዓመቷ፣
አንድ በአንድ፣ እያቃሰተች በየጭነቷ።
ምን አደርጋለሁ? ገባሁ ከጋሪው ፊት፤
ሐይቁን አሻገርነው ለሂልያ፣ ማዶ ብቻዋን ለቀረችው ባልቴት።
አራት ጊዜ ተመላለስን፤ ሬንጁ ቢቀባም ጀልባዋ ታነባለች፣
ሂልያም ከደጇ «ምን አድርጌላችሁ ነው?» ትላለች።
የሁለት ሌሊት ፍልጥ ብቻ አስቀረን።
የቀረው ክረምታቸው ቆሞ የደረቀ ጥድ ነው፣
ጫካ ውስጥ ይጠብቃቸዋል።

እሑድ ግን ሌላ ሴት ነበረች።
አሥራ አንዱን ፊሽካ አንድ በአንድ ነፋች፤
ውሻው አበደ፣ ፍየሎቹ አጥር ዘለሉ፣
ፋሻው፣ ኮምፓሱ፣ ክብሪቱ ሁለቴ ተቆጠሩ።
አንዲት ልጅ ረግረጉ ውስጥ ያደረችበትን
ያን ሌሊት እሷም እኔም አንጠራውም።
የአንዱ ፊሽካ ድምፅ ሰለለባት፤
ከጫማዋ ሥር ሰባበረችው፣ ሌላ ከመሳቢያ አወጣች።
ለዚህ «ቢላ አለ» አላለችም።

ሰኞ። አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ይሰማል።
እቆጥራለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰው ወርዷል።
የመጨረሻው ቀጭን ልጅ ከዝርዝሩ የለም፣
ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል።
«አልጋ የለውም» አልኋት፣ «ማንጠልጠያም የለም።»
«እንጨት አለ፣ ቢላ አለ» አለች፣
ፊሽካውን ግን
ከገዛ አንገቷ እያወለቀች።